«አላጠናሽም» ያልኳት ልጅ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ግማሹ ይቅርታ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያኔ ክፍል ውስጥ ልነግራችሁ ሲገባኝ ሳልነግራችሁ የቀረሁት ነገር ነው።

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። ምን እንደሚል መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ላኪዋ ላውራችሁ። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ «ስሜን ግን ተወው ቲቸር» ብላኛለች።

2014 ዓ.ም. ነው። አንድ የክልል ከተማ ውስጥ 12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከ70 በላይ ተማሪ አለ። እሷ ሁሌም ከፊት፣ በበሩ በኩል ባለው ዴስክ ነው የምትቀመጠው። ቀርታ አታውቅም፣ አርፍዳ አታውቅም። ደብተሯ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ነው የሚመስለው፤ ርዕሱ በቀይ፣ ፎርሙላው በአረንጓዴ፣ ማብራሪያው በሰማያዊ። 9ኛና 10ኛ ክፍል እያለች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ትወጣ ነበር። መምህራን ስታፍ ውስጥ ስለ ጎበዝ ተማሪ ሲወራ ስሟ ሳይነሳ አይቀርም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ላይ ፊዚክስ ከ100 31 አመጣች።

ወረቀት ስመልስ ተራዋ ደረሰ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ካንቺ ይሄን አልጠብቅም ነበር። አላጠናሽም ማለት ነው!» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ወረቀቷን ተቀብላ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እኔም ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ስታፍ መጣች። በፌስታል የያዘችውን አራት ደብተር አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው። «ቲቸር፣ አጥንቻለሁ» ብላ ወጣች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ደብተሮቹን ከፈትኳቸው። የመማሪያ መጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፎች ከዳር እስከ ዳር በእጇ ገልብጣዋለች። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ። ትርጉሙን፣ ፎርሙላውን፣ ሥዕሉን፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳይቀር። በአንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት አለ። «ሌሊት 10 ሰዓት» ይላል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የሻማ ጠብታ አለ፤ መብራት የጠፋባቸው ቀናት መሆናቸው ነው። እኔ «አላጠናሽም» ያልኳት ልጅ ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ ያጠናች ልጅ ነበረች።

አፈርኩ። ከዚያ ግን ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የተሠሩ ምሳሌዎች ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ፣ ቃል በቃል ገልብጣቸዋለች። ሦስቱም ጊዜ። ከምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን፣ መልስ ያልተጻፈላቸውን ጥያቄዎች ግን አንዱንም አልነካቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ አስጠራኋት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀጥዬ ከገለበጠቻቸው ምሳሌዎች አንዱን አወጣሁና መልሱን በወረቀት ሸፈንኩት።

«ፎርሙላው ምንድን ነው?» አልኳት።

አንድም ሳትሳሳት ነገረችኝ።

«በይ ሥሪው።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አየችው። እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ሳየው ይገባኛል። ብቻዬን ስሆን ነው የሚጠፋኝ።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ተማሪ ብሎኛል መሰላችሁ! ከዚያ በፊትም ሰምቻት አውቃለሁ። «እንግዲያው ደጋግመሽ አንብቢ» ነበር መልሴ። ማለትም በሽታውን እንደ መድኃኒት አዝዝ ነበር።

እስቲ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዓመት ጠብቄ ክፍል ውስጥ የምጠይቃት ጥያቄ አለች። የተጫነ አይሱዙና ባጃጅ ፊት ለፊት ተጋጩ። በግጭቱ ቅጽበት የትኛው ነው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳረፈው? ከመጠየቄ በፊት የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለ» ይለኛል። ግሩም! ከዚያ ጥያቄዋን እወረውራለሁ። ያው ክፍል በአንድ ድምፅ «አይሱዙው!» ይላል።

አሁን እናንተም ሳታስቡት አይሱዙው ብላችኋል፣ አይደል? ኃይሉ እኩል ነው። አይሱዙው ባጃጁን በገፋው ልክ ባጃጁም አይሱዙውን ገፍቶታል። ልዩነቱ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። አይሱዙው 5,000 ኪሎ፣ ባጃጁ ከነተሳፋሪው 500 ኪሎ ነው እንበል። በሁለቱም ላይ ያረፈው ኃይል 10,000 ኒውተን ከሆነ የአይሱዙው ፍጥነት በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይለወጣል፤ የባጃጁ በ20። ባጃጁ ጭርምት የሚለው ለዚህ ነው። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን የሚሳሳተው ሕጉና ጥያቄው ጭንቅላቱ ውስጥ ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው። አንዱ ደብተር ውስጥ ይኖራል፤ ሌላው አስፋልት ላይ።

ይሄ የእኛ አገር ልጆች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ማዙር የሚባል የፊዚክስ መምህር አለ። ዓመታት አስተምሮ፣ ተማሪዎቹም ጥሩ ውጤት እያመጡ፣ እሱም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብሎ አምኖ ይኖር ነበር። በ1990 አካባቢ (በፈረንጆቹ) ስሌት የሌላቸው፣ እንደ አይሱዙና ባጃጁ ዓይነት ቀላል የሚመስሉ ጥያቄዎችን ለተማሪዎቹ ሰጣቸው። ከባባድ ስሌት የሚሠሩት ልጆች እነዚህን ሳቱ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ የማስተማር ዘዴውን ከሥሩ ቀየረ። ሌክቸሩን እያቋረጠ ጥያቄ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለየብቻቸው መልስ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከራሉ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ትንሽ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?

የምሠራውን ለማወቅ ብዙ ርቄ መሄድ አላስፈለገኝም። ያቺን ልጅ 9ኛ ክፍልም ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። 92 ሰጥቻት ነበር። የድሮ ፈተናዬን ከካርቶን ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። «ኃይል ማለት ምን ማለት ነው?» «የሚከተሉትን አዛምድ።» «እውነት ወይም ሐሰት በል።» «በባዶው ቦታ ሙላ።» ከ40 ጥያቄ መካከል አስበህ ሥራው የሚለው ሦስት ብቻ ነበር፤ እነሱም ደብተር ላይ ካሠራኋቸው ቁጥራቸው ብቻ የተቀየረ።

ለምን እንዲህ እንዳወጣሁት አውቃለሁ። አምስት ክፍል አስተምር ነበር። በ70 ስታባዙት 350 ወረቀት ነው። ማዛመድ ቶሎ ይታረማል። ተማሪው መንገዱን እያሳየ የሠራው ጥያቄ ግን አንዱ ወረቀት ብቻ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ደመወዙንም ኑሮውንም ታውቁታላችሁ፤ ሰበብ ለማብዛት አይደለም። ግን እውነቱ ይሄ ነው፦ ልጅቷ ገልብጣ ስትመጣ ለሦስት ዓመት 90 እየከፈልናት ኖርን። አራተኛው ዓመት ላይ የሚያሳስብ ጥያቄ አመጣንና «አላጠናሽም» አልናት። ያንን የጥናት ልማድ ያስያዝናት እኛው ነን።

ደግሞ እኔ ራሴ በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ጊዜ የመጀመሪያውን የሜካኒክስ ፈተና ከ30 7 ነው ያገኘሁት። ስቸክል አድሬ! አንድ የዶርም ልጅ ነበር፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። እሱ 26 አገኘ። ሁላችንም «አንጎሉ ነው፣ ተፈጥሮ ነው» አልን። አሁን ሳስበው ግን ያ ልጅ ሲያነብ ብዙ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ በሃንድአውት ጀርባ ላይ ሲሠራ፣ ሲሰርዝ፣ ሲያጉረመርም ነው የማስታውሰው። ቀን ይሠራል፤ ማታ ይተኛል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ፤ ጠዋት ፈተና ላይ አዛጋለሁ። ልዩነታችን አንጎል ብቻ አልነበረም።

በኋላ ላይ ነገሩን ማንበብ ስጀምር የጥናት ነገር ራሱ ብዙ የተጠና ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

በ2006 (በፈረንጆቹ) ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌላው ግን ተወስዶባቸው ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በባዶ ወረቀት የታገሉበትን 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረደ። ልብ በሉ፣ ደግሞ ያነበበው ልጅ ዛሬ ማታ «ገብቶኛል» ሲል እየዋሸ አይደለም። ዛሬ ማታ በእርግጥ ይበልጣል። ፈተናው ግን ዛሬ ማታ አይደለም።

ሁለተኛው በ2007 ሮረርና ቴይለር የሠሩት ነው። ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንደኛው ቡድን አንዱን ዓይነት ጨርሶ ወደ ሌላው እያለፈ ተለማመደ። ሁለተኛው ቡድን ጥያቄዎቹን ደበላልቆ ሠራ። በልምምዱ ላይ በተራ የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፤ ደበላልቀው የሠሩት 60 ብቻ። ከሳምንት በኋላ ፈተና ሲሰጣቸው በተራ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወደቁ፤ የደበላለቁት 63 ላይ ቆዩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምዕራፉ ላይ «የኃይል ጥበቃ ሕግ» የሚል ርዕስ ካለ የትኛውን ፎርሙላ እንደምትጠቀም ርዕሱ ነግሮሃል። ማትሪክ ላይ ግን ከጥያቄው በላይ ርዕስ የለም። ይሄ የየትኛው ምዕራፍ ነው ብሎ መለየቱ ነው ግማሹ ሥራ። ያንን ግማሽ ያልተለማመደ ልጅ «ፈተናው ካልተማርነው ነው የወጣው» እያለ ይወጣል።

«ሽምደዳ ባህላችን ነው፣ ምን ይደረግ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በዚህ አልስማማም። አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር። ዳዊቱን በቃሉ ይለዋል፤ እውነት ነው። ግን ስለ ቅኔ ቤት ሲያወራ ከሁሉ አብልጦ የሚያነሳው ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር የዋለውን ቀን ነው። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ለመምህሩ ማቅረብ ነውር ነው። አዲስ መፍጠር አለበት፤ መምህሩ ደግሞ ፊት ለፊት «ይሄ ቤት አይመታም፣ ይሄ ምሥጢር የለውም» ይለዋል። የተሸመደደው ሰዋስው ለዚህ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ባህላችን ውስጥ በቃል መያዝም አለ፣ በያዙት መፍጠርም አለ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ቅኔ ቤት ትቶት መጣ።

በቃል መያዝ አያስፈልግም እያልኩም አይደለም። አሃዶችን፣ የንጥረ ነገሮችን ምልክት፣ መሠረታዊ ቀመሮችን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ሲያስብ በየመሃሉ እየተነሳ ጨው እንደሚፈልግ ወጥ ሠሪ ነው። ግን ጨውና በርበሬ መደርደር ብቻውን ወጥ አይሆንም።

እንግዲህ ያቺን ልጅና ሌሎች ሰባት ልጆችን ይዤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ መቀመጥ ጀመርን። ያደረግነውን በዝርዝር ልጻፈው። ወላጅ ከሆናችሁ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ዛሬ ማታ መሞከር ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፍ መዝጋት። አንድ ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ዝጉትና የቀረላችሁን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ባዮሎጂ ከሆነ የሕዋስ ክፍፍልን ደረጃዎች ሳታዩ ሣሉ። ኬሚስትሪ ከሆነ የአንድን ሞል ቁጥር ከመደጋገም ይልቅ 36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። (2 ነው፤ የአንድ ሞል ውሃ ክብደት 18 ግራም ስለሆነ።) የተሠራ ምሳሌ ስታገኙ መልሱን በወረቀት ሸፍኑት። ቢያንስ 10 ደቂቃ ታገሉ። ካቃታችሁ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ እዩና እንደገና ሸፍኑ። መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ ይሄን ጠሉት። «ቲቸር፣ በዚህ አካሄድ በሁለት ሰዓት አራት ጥያቄ ብቻ ሠራን፤ ድሮ አንድ ምዕራፍ እንጨርስ ነበር» ይሉኝ ነበር። ከባድ መሆኑ ራሱ እየሠራ መሆኑን እንደሚያሳይ ማሳመን አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሁለተኛ፣ መከፋፈል። ቅዳሜ 3 ሰዓት ፊዚክስ ከማጥናት ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። ድምሩ ያው ነው። ግን ረቡዕ ላይ ስትመለሱ የሰኞውን ትንሽ ረስታችሁታል፤ እሱን ለማስታወስ የምትታገሉት ትግል ነው የሚያጸናው።

ሦስተኛ፣ መደበላለቅ። ከየምዕራፉ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍንና ባርኔጣዬ ውስጥ ከተትናቸው። እያንዳንዱ ያወጣውን ይሠራል። ከመሥራቱ በፊት ግን «ይሄ ስለ ምንድን ነው? የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው? ለምን?» የሚለውን ጮክ ብሎ ለሌሎቹ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ያቃተው ስሌቱን አይጀምርም። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ነገር የወጣው። ለምሳሌ ኳስ ወደ ላይ ወርውረን ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው ስላቸው ሁሉም «ዜሮ» አሉኝ። ከዚያ አንዱ ልጅ ትንሽ አሰበና «እንዴ! ፍጥነቷም ዜሮ፣ አክስለሬሽኗም ዜሮ ከሆነ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች እኮ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ 9.8 ወደ ታች መሆኑን አንዱም አልረሳም።

አራተኛ፣ የስህተት ደብተር። ይቺን ነው ከሁሉ የምወዳት። የተሳሳቱትን ጥያቄ በግራ ገጽ ይጽፋሉ፤ በቀኝ ገጽ «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር። «አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። «ኪሎ ሜትሩን ወደ ሜትር ሳልቀይር ገባሁ»፣ «ሰበቃውን ረሳሁት»፣ «ኃይልንና ፍጥነትን አምታታሁ» ነው የሚባለው። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሳያዩ ይሠሩታል። ከዓመት እስከ ዓመት ጥሩ ደብተር ማለት ስህተት የሌለበት ደብተር ነው ስንላቸው ለኖሩ ልጆች ይሄ መጀመሪያ እንደ ቅጣት ነበር የመሰላቸው።

አምስተኛ እንቅልፍ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት የሚበጀው ማታ በጊዜ የተኛ ሰው ከሆናችሁ ነው። ሌላ አልጨምርበትም።

ስለ ስልክም ላንሳ። አሁን ያለው ተማሪ እኛ ያልነበረን ነገር አለው፤ ቴሌግራም ላይ የሌለ ሾርት ኖት፣ የሌለ ወርክሺት፣ የሌለ የድሮ ፈተና የለም። ብዙዎቹ ልጆች ስልካቸው ውስጥ ብዛቱ የማያልቅ ፋይል አለ። ፋይል ማጠራቀምም ግን ያው መገልበጥ ነው፤ እንደውም እጅ እንኳን አይደክምበትም። ከዚያ ሁሉ አንድ የድሮ ፈተና ይዛችሁ፣ ሰዓት አስይዛችሁ፣ መልሱን ሳታዩ ሥሩት።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ተረት ልነግራችሁ አልፈልግም። ልጅቷ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፊዚክስ 58 አመጣች። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. እንደ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዳ ብሔራዊ ፈተናውን ወሰደች። ጥር ላይ ውጤት መጣ። የዚያን ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ፤ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እሷ ከ3.3ቱ ውስጥ አልነበረችም። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ሆነ።

በዚያ ሰሞን ፌስቡኩ ሁሉ «ተማሪው ሰነፍ ነው» በሚል ተሞላ። እኔ አንድም ነገር መጻፍ አልቻልኩም። ያ የሻማ ጠብታ ነበር የሚታየኝ። ከስንፍናም ከጥናት ልማድም ውጭ ብዙ ምክንያት አለ፤ ጦርነት ነበር፣ ኮሮና የበላው ጊዜ ነበር፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ለሦስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ፣ ውሃ ቀድታ እንጀራ ጋግራ ነው የምታጠና ልጅ። የጥናት ዘዴ ይህን ሁሉ አይተካም። ሆኖም ያለቻቸውን ያቺን አንዲት ሰዓት ምን ላይ እንደሚያውሏት ማሳየት የእኛ የመምህራን ድርሻ ነበር፤ ብዙዎቻችን አላሳየናቸውም። ያ ሁሉ ልጅ የተዘጋ በር ላይ ሲገፋ ኖሮ «ስላልገፋህ ነው» ተባለ።

ልጅቷ ሪሚዲያል ገባች። እዚያም የስህተት ደብተሯን ይዛ እንደሄደች በኋላ ነው የነገረችኝ። አለፈች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጤና ታጠናለች። ጎበዝ ሆነች፣ አንደኛ ወጣች ልላችሁ አልችልም፤ ደህና ነች፣ እየሠራች ነው።

ባለፈው ሳምንት የላከችልኝ መልእክት ይሄ ነው፦

«ቲቸር ሰላም ነው? እረፍት ቤት መጥቼ ነው። ወንድሜ 10ኛ ክፍል ገብቷል። ትናንት ማታ ፊዚክስ እያጠና ነው ሲሉኝ ሄጄ አየሁት፤ መጽሐፉን በሦስት ቀለም እየገለበጠ ነው። ደብተሩን ቀማሁት። በጣም አለቀሰ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋሁና ባዶ ወረቀት ሰጠሁት። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ሦስት ጥያቄ ሠራን። ዛሬ ጠዋት ሳልቀሰቅሰው ተነስቶ አራተኛውን ሲሞክር አገኘሁት። አልቻለውም ግን እየሞከረ ነው። ልንገርህ ብዬ ነው።»

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። (አዎ፣ ደግሜ አነበብኩት፤ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።)

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ከ2014 በፊት የነበራችሁ፤ እያጠናችሁ ስትወድቁ «አላጠናችሁም» ካልኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ አላችሁ፤ እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ስታወጡ ከማዛመዱ አምስቱን ቀንሱና አንዲት አይሱዙና ባጃጅ ጨምሩበት። ማረሙ ይደክማል፤ አውቃለሁ።

አራቱ ደብተሮች እስካሁን እኔ ጋ ናቸው። መልሰህ ላክልኝ አላለችም፤ እኔም አልላክኩላትም። ዓመት ሲጀምር 12ኛ ክፍል እገባና የመጀመሪያውን ቀን አንዱን ደብተር ይዤ እገባለሁ። «ይሄን የጻፈችው ልጅ ከእኔም ከእናንተም የበለጠ ትጉህ ነበረች» እላቸዋለሁ። ከዚያ መጽሐፋቸውን እንዲዘጉ እነግራቸዋለሁ።

እናንተስ እንዴት ነበር የምታጠኑት? ያገኛችሁትንም የከሰራችሁበትንም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለዘንድሮ ልጆቼ አነብላቸዋለሁ።